የአማርኛ ፎንት በዩኒኮድ-ሬንጅ ስገድብ የመስመር ቁመቱ ከፍ ዝቅ ይላል

ፊደል_ቆጣሪ፦
ሰላም ወገኖች። አማርኛና እንግሊዝኛ ገጾች ያሉት ድረ ገጽ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከራሳችን ሰርቨር እናወርዳለን፣ ላቲኑ ኢንተር በሚባል ፎንት ይወጣል። «@ፎንት-ፌስ»ን (ፎንቱን ለገጹ የሚያስተዋውቀውን የሲኤስኤስ ደንብ) «ስታይልስ/ቤዝ» ፎልደር ውስጥ ለብቻው ፋይል አድርጌ በሳስ (ወደ ሲኤስኤስ በሚጠናቀር ቋንቋ) «@ኢምፖርት» አስገባሁት፤ ዩኒኮድ-ሬንጁን፣ ማለትም ፎንቱ የሚሠራባቸውን ቁምፊዎች ክልል፣ ዩ+1200-137ኤፍ (የኢትዮፒክ ፊደላት) ላይ ገደብኩት። መጀመሪያ የፎንቱ ፋይል አልተገኘም ብሎ 404 አለ፤ ሙሉ አድራሻ ስሰጠው ተነሳ፣ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። አሁን የቀረው፦ አንቀጽ መሀል ሙሉ እንግሊዝኛ የሆነ መስመር ሲመጣ ይጠባል፣ «» ጥቅሱ ከፊደሉ ጋር አይገጥምም፣ ደማቁ ጽሑፍ ደግሞ የተለቀለቀ ይመስላል።

ድርብ_ሰረዝ፦
404ው ቀላል ነው። ሳስ በዩአርኤል ውስጥ የጻፍከውን አድራሻ አይነካውም፣ እንዳለ ወደ ውጤቱ ፋይል ይገለብጠዋል። አንተ «../../ፎንትስ» ስትል የቆጠርከው ከ«ስታይልስ/ቤዝ» ተነስተህ ነው፤ ብሮውዘሩ ግን የሚቆጥረው የተጠናቀረው ሲኤስኤስ ካለበት ፎልደር ነው። አድራሻውን በአንድ ተለዋዋጭ ያዘውና ከውጤቱ ፋይል ቁጠር።

«@ኢምፖርት»ን ተወው። ዳርት ሳስ (ዋናው የሳስ ማጠናቀሪያ) ከ1.80.0 ጀምሮ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ በ3.0.0 ይወገዳል። ፋይሉን ሦስት ቦታ ካስገባኸው «@ፎንት-ፌስ» ሦስት ጊዜ ይጻፋል፤ በ«@ዩዝ» አንዴ ብቻ ነው። «@ዩዝ» ከማንኛውም ደንብ በፊት፣ ከፋይሉ አናት ላይ መቀመጥ አለበት። መቀየሩን ሳስ-ማይግሬተር የሚባለው መሣሪያ ይሠራልሃል።

አሁን ወደ ዋናው። የክፍተት ቁምፊ ዩ+0020 ነው፣ «» ደግሞ ዩ+00ኤቢ እና ዩ+00ቢቢ፤ ሦስቱም አንተ ከገደብከው ክልል ውጭ ናቸው። ስለዚህ በየቃሉ መሀል ያለው ክፍተትና ጥቅሱ ከኢንተር እየመጣ ነው። ከዚያ የባሰው፣ ሲኤስኤስ የመስመሩን መነሻ ቁመት የሚወስደው በዝርዝሩ ውስጥ ክፍተትን የሚሸፍን የመጀመሪያው ፎንት ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ያንተ ኢንተር ሆነ። የአማርኛ ፊደል ያለበትን መስመር ኖቶ ያሳድገዋል፣ የሌለበት ባለበት ይቀራል። ሦስቱን ቁምፊዎች በሬንጁ ጨምር፣ ላይን-ሃይትን ደግሞ ያለ መለኪያ 1.7 በለው። «ኖርማል» ሆኖ ከቀረ ችግሩ ይመለሳል።

የግዕዝ_አኃዝ፦
@ድርብ_ሰረዝ ልክ ነህ፣ ግን ክፍተቱን በሬንጁ ስትጨምር ሌላ ጣጣ ይመጣል። ብሮውዘር ፎንት የሚያወርደው በሬንጁ ውስጥ ያለ ቁምፊ ገጹ ላይ ሲያገኝ ነው። ክፍተት የሌለው ገጽ የለም፤ ኖቶ በዝርዝሩ መጀመሪያ ከተቀመጠ እንግሊዝኛ ብቻ ያለበት ገጽም ያወርደዋል። መፍትሔው ቅደም ተከተሉን በ«:ላንግ» (የገጹን ቋንቋ በሚያይ የሲኤስኤስ መምረጫ) መለየት ነው፦ ለአማርኛ ኖቶ ቀድሞ ኢንተር ይከተል፣ ለቀረው ኢንተር ቀድሞ ኖቶ ይከተል። በሁለተኛው ክፍተቱን ኢንተር ስለሚይዘው ኖቶ የሚወርደው የአማርኛ ስም ሲገኝ ብቻ ይሆናል። ፕሪሎድ (ፎንቱን አስቀድሞ የሚያስወርድ መለያ) የምትጠቀም ከሆነ ሬንጁን አያይም፣ አማርኛ ገጽ ላይ ብቻ አድርገው። በዚሁ መለያ ላይ «ክሮስኦሪጂን»ን መጻፍ ከረሳህ ደግሞ ያው ፋይል ሁለት ጊዜ ይወርዳል፣ በራስህ ሰርቨር ላይ ቢሆን እንኳ።

የተለቀለቀው ደማቅ ጽሑፍ ብሮውዘሩ ራሱ ያወፈረው ነው። ፎንቱ ተለዋዋጭ ክብደት ቢኖረውም በ«@ፎንት-ፌስ» ውስጥ ፎንት-ዌይትን ካልጻፍክ 400 ብቻ እንዳለው ይቆጠራል። «100 900» ብለህ ክልሉን ስጠው። የ«ጨ» እና የ«ጠ» እግሮች ወዲያው ይለያያሉ።

ነጻ_ኮድ፦
ፋይሉን ለማሳነስ የማትፈልጉትን ቁምፊ በፎንትቱልስ የምትቆርጡ ከሆነ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛ፣ የፎንትቱልስ መቁረጫ ትእዛዝ የሆነው ፓይኤፍቲሰብሴት የጠየቅከው ቁምፊ ፎንቱ ውስጥ ባይኖርም ምንም ሳይናገር ያልፋል፤ «--ኖ-ኢግኖር-ሚሲንግ-ዩኒኮድስ» ካልክ ግን ስህተቱን ይነግርሃል። ሬንጁን ሲኤስኤስ ላይ ማስፋት ብቻውን አይበቃም፣ ቁምፊዎቹ በተቆረጠው ፋይል ውስጥም መኖር አለባቸው። ዎፍ2 (የተጨመቀ የድር ፎንት ፋይል) ለማውጣት ብሮትሊ የሚባለው መጭመቂያ መጫን አለበት።

ሁለተኛው የፈቃድ ጉዳይ ነው። መሣሪያው በነባሪ የስም ሠንጠረዡን ከ0 እስከ 6 ብቻ ያስቀራል፤ ፈቃዱ ያለው 13 እና 14 ላይ ስለሆነ ይጠፋል። «--ኔም-አይዲስ»ን በኮከብ ምልክት ስጠው፣ የኦፍኤል (የፎንቱ ክፍት ፈቃድ) ጽሑፉንም ከፎንቱ ጎን በኮድ ማከማቻው አስቀምጥ። የፈቃዱን የመጀመሪያ መስመሮች አንብብ፦ «የተጠበቀ የፎንት ስም» የሚል ካለ መቁረጥም እንደ ማሻሻል ስለሚቆጠር ስሙን መቀየር ግድ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ፊደል_ቆጣሪ፦
ቁመቱም ደማቁም ተስተካከለ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጥቅሱ ግን አሁንም ከኢንተር ነው የሚመጣው፤ የተቆረጠው ፋይል ውስጥ መኖሩን አረጋግጫለሁ።

የግዕዝ_አኃዝ፦
የገጹ ኤችቲኤምኤል መለያ ላይ «ላንግ» ምን ይላል?

ፊደል_ቆጣሪ፦
ቴምፕሌቱ ላይ ለሁሉም ገጽ «ኢኤን» ተጽፎ ቀርቷል። በአማርኛ ገጾቹ ላይ በ«ኤኤም» ቀየርኩት፣ ገጠመ።