የ1940ዎቹ አለባበስ ፋሽን ነው ወይስ የመንግስት ትዕዛዝ?

መድረክ_ወዳድ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ ቲያትር እያዘጋጀን ነው፣ ታሪኩ የሚካሄደው ለንደን ውስጥ በ1943 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ የአልባሳቱ ስራ ደግሞ ለኔ ተሰጥቷል። የዛን ጊዜ ፎቶዎች ሳይ ሁሉም ሴቶች አንድ ቤት የተሰፋላቸው ነው የሚመስሉት፣ ትከሻው አራት ማዕዘን፣ ወገቡ ጠበቅ ያለ፣ ጉርድ ቀሚሱ ጠባብና ጉልበት ላይ የሚቆም፣ ጭንቅላት ላይ ሻሽ ወይ ትንሽ ባርኔጣ። ከዛ የ1948 ፎቶ ስታዩ ደግሞ ቀሚሱ በአንዴ ሰፍቶ ባት አልፎ ወርዷል። በመሀል ምን ተፈጠረ? የሰዉ ምርጫ ተቀይሮ ነው ወይስ ጦርነቱ ነው? ሌላው ደግሞ የኔ ገጸ ባህሪያት የፊልም ተዋናዮች አይደሉም፣ አንዷ ፋብሪካ ትሰራለች፣ አንዱ ጸሀፊ ነው፣ እናትየው የቤት እመቤት ናት። ተራ ሰው ምን ይለብስ ነበር፣ ምን ይበላ ነበር፣ ቦርሳው ውስጥ ምን ይገኝ ነበር? የምታውቁትን ጣል ጣል አድርጉልኝ፣ አመሰግናለሁ።

መርፌና_ክር፦

ይሄ በጣም የምወደው ርዕስ ነው ስለዚህ ረዘም ብል ታገሱኝ። መጀመሪያ ትከሻው፣ ትከሻው ከጦርነቱ በፊትም ነበር፣ በ1930ዎቹ ነው በሆሊውድም በፓሪስም የገባው፣ እሱን ጦርነቱ አላመጣውም። ጦርነቱ ያመጣው ከትከሻ በታች ያለውን ነው። ማለት ጨርቁን።

እንግሊዝ ሰኔ 1 ቀን 1941 ላይ ልብስን በኩፖን አደረገች። ቀኑ እሁድ ነበር፣ ሱቅ ዝግ ነው፣ ሰው ቀድሞ ሰምቶ ሄዶ እንዳይገዛ እስከዛ ቀን ድረስ በሚስጥር ነው የተያዘው። የልብስ ኩፖን ራሱ ገና ለህዝብ አልታደለም ነበር፣ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ በምግብ ደብተሩ ውስጥ የነበረውን ትርፍ የማርጋሪን ኩፖን ነው እንደ ልብስ ኩፖን ያስጠቀሙት። በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ሰው 66 ኩፖን። ብዙ ይመስላል አይደል? አሁን ቁጠሩት። የወንድ ሙሉ ሱፍ ኮት 13፣ ሱሪ 8፣ ሰደርያ 5፣ በቃ 26 ሄደ። የሱፍ ጨርቅ ቀሚስ 11። የሴት ጫማ 5 የወንድ 7። ስቶኪንግ 2። ገንዘቡንም ትከፍላለህ ኩፖኑንም ትሰጣለህ፣ ኩፖን ገንዘብን አይተካም፣ ሁለቱም ያስፈልጋል። ኋላ ላይ ደግሞ ቁጥሩ እየቀነሰ ነው የሄደው።

አሁን ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፣ ለቲያትርህም የሚጠቅምህ ይሄ ነው። ሀብታሙም ድሃውም እኩል ኩፖን ነው ያለው፣ ግን ሀብታሙ በ11 ኩፖን ለአስር ዓመት የማያልቅ ቀሚስ ይገዛል፣ ድሃዋ በዛው 11 ኩፖን በወራት የሚቀደድ ርካሽ ቀሚስ ነው የምትገዛው። ኩፖኑ እኩል ሆኖ ልብሱ እኩል አልሆነም። መንግስት ይሄን ሲያይ ነው ዩቲሊቲ የሚባለውን ልብስ ያመጣው፣ የጨርቁ ጥራት የተወሰነ፣ ዋጋው የተወሰነ፣ ከግዢ ግብርም ነጻ የሆነ፣ ውስጡ ላይ ሲሲ41 የሚል ማርክ የተሰፋበት። በ1942 ደግሞ እንደ ኖርማን ሃርትኔልና ሃርዲ ኤሚስ ያሉትን ለመኳንንት የሚሰፉ ዲዛይነሮች ጠርተው ለዚህ ልብስ ሞዴል አሰሯቸው። ለኔ የዛ ዘመን ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ ለቤተመንግስት የሚሰፋ ሰው የፋብሪካ ሰራተኛዋን ኮት አሰበበት። ፋብሪካ የምትሰራዋን ገጸ ባህሪ ስታለብሳት ማርኩን ገበሩ ላይ ስፋላት፣ ተመልካች ባያየውም ተዋናይዋ ታውቀዋለች።

ጠባብነቱ ከየት መጣ ላልከው፣ በዛው ዓመት ስንት ኪስ፣ ስንት ቁልፍ፣ ስንት ሽብሽብ እንደሚፈቀድ በደንብ ተወሰነ። ለጌጥ ብቻ የሚቀመጥ ቁልፍ ተከለከለ። ጥልፍ ተከለከለ። ስለዚህ ሁሉም ልብስ አንድ ቤት የተሰፋ የመሰለህ አይንህ ተሳስቶ አይደለም፣ መቀሱን የያዘው ደንቡ ነበር።

ሞገድ_አድማጭ፦

ከላይ ያለው ኮሜንት ጥሩ ነው፣ እኔ የኑሮውን ልጨምር። ምግብ ከልብስ በፊት ነው በራሽን የገባው፣ ከጥር 1940 ጀምሮ፣ መጀመሪያ ቤከን ቅቤና ስኳር፣ ከዛ ስጋው ሻዩ አይቡ ሁሉ ተከታትሎ ገባ። ሻይ ለአንድ ሰው በሳምንት 57 ግራም አካባቢ ነበር፣ ለሻይ ለሚኖር ህዝብ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፣ እናትየው አንዴ የተፈላውን ቅጠል ደግማ ስታፈላ ብታሳይ በጣም ትክክል ነው። እንቁላል በሳምንት አንድ ቢገኝ ነው፣ ከአሜሪካ የሚመጣ የደረቀ የእንቁላል ዱቄት ነበር። ዳቦ ግን በጦርነቱ ጊዜ ራሽን አልነበረም፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ዳቦ በራሽን የገባው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1946 ነው። ስለዚህ በ1943 መድረክ ላይ የዳቦ ኩፖን እንዳታስገባ።

ሳሙናም ከየካቲት 1942 ጀምሮ በራሽን ነበር፣ ጸጉር እንደልብ አይታጠብም ማለት ነው፣ ሻሹ ለዛም ነው። ፋብሪካ ላይ ደግሞ ጸጉር ማሽን ውስጥ እንዳይገባ። አሜሪካ ውስጥ ተዋናይዋ ቬሮኒካ ሌክ አንድ አይኗን የሚሸፍን ረጅም ጸጉር ነበራት፣ ሴቶቹ እሷን እያዩ ጸጉራቸውን ለቀው ፋብሪካ ሲገቡ አደጋ ስለሆነ መንግስት እባክሽ ሰብስቢው ብሎ በ1943 ወደ ላይ ጠቅልላ ታየች።

የጋዝ ጭንብሉን ነገር ደግሞ ልንገርህ፣ የካርቶን ሳጥን በገመድ ትከሻ ላይ አንጠልጥሎ መሄድ የ1939 እና የ1940 ምስል ነው፣ በ1943 ብዙው ሰው መያዙን ትቶታል። ቦርሳ ውስጥ የምታስቀምጠው መታወቂያ፣ የራሽን ደብተር፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ (መንገዱ ማታ ጨለማ ነው፣ መስኮት ሁሉ በጥቁር ጨርቅ ይሸፈናል)፣ ካለቀ በኋላ በክብሪት እንጨት እየተጫረ የሚወጣ ሊፕስቲክ። የጥቁሩ ጨርቅ ነገር ደግሞ ያለ ኩፖን ስለሚሸጥ ከሱ ጉርድ ቀሚስ የሰፉ ነበሩ።

ባህር_ማዶ፦

አሜሪካም ህግ ነበራት፣ ኤል-85 የሚባል፣ ሚያዝያ 1942፣ የቀሚስ ስፋትና ቁመት በሱ ይወሰናል። ግን እንደ እንግሊዝ በኩፖን አልገቡም፣ በራሽን የገባው ጫማ ነው፣ ከየካቲት 1943።

ከሁሉም የሚገርመኝ የናይለን ስቶኪንግ ነው። ግንቦት 1940 በመላ አገሪቱ ለሽያጭ ሲወጣ በቀናት ውስጥ አለቀ፣ ከዛ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ናይለኑ በሙሉ ለፓራሹትና ለገመድ ሄደ፣ የጃፓን ሐርም ቀድሞ ቆሟል። ሴቶቹ ምን አደረጉ፣ እግራቸውን ቡናማ ቀቡና ከኋላ ከተረከዝ እስከ ጉልበት ጀርባ ድረስ በቅንድብ እርሳስ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ፣ የስፌት መስመር እንዲመስል። ለራስ ማስመር አይቻልም፣ እህት ወይ ጓደኛ ነች የምታሰምረው፣ እጇ መንቀጥቀጥ የለበትም። ለንደን ደግሞ ለወጥ ማጥቆሪያ የሚገባውን ቀለም ነው የሚቀቡት፣ ዝናብ ሲመጣ ይወርዳል። መድረክ ላይ ሁለት ሴቶች ይሄን ሲሰሩ ብታሳይ ምንም ንግግር አያስፈልግህም። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ስቶኪንጉ ሲመለስ ፒትስበርግ ላይ በ1946 ለ13,000 ጥንድ 40,000 ሰው ነው የተሰለፈው።

ሌላ ከባድ ነገርም አለ። ሎስ አንጀለስ ላይ ሰኔ 1943፣ ሰፊ ሱሪና ረጅም ኮት የሚለብሱ የሜክሲኮ ዘር ያላቸው ወጣቶች ነበሩ፣ መርከበኞች መንገድ ላይ እየያዙ ደበደቧቸው፣ ልብሳቸውን ገፈፏቸው። ምክንያት የተደረገው ጨርቅ ያባክናሉ የሚል ነው፣ ከጀርባው ግን ዘረኝነት ነው። ጨርቅ ላይ የወጣ ደንብ ሰው መምቻ ሲሆን ማለት ነው።

ጥያቄ_አለኝ፦

ይቅርታ ግን ስለ ስቶኪንግ ብቻ ስናወራ ትንሽ ከበደኝ። በዛው ዘመን የሶቪየቷ ከተማ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ በ1941 ህዳርና ታህሳስ ላይ ለማይሰራ ሰው በቀን 125 ግራም ዳቦ ነበር፣ እሱም ንጹህ ዱቄት ያልሆነ። በህንድ ቤንጋል በ1943 ረሃብ ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ሰው ሞተ ተብሎ ነው የሚገመተው፣ ያውም በእንግሊዝ አስተዳደር ስር። ለንደን ላይ ሻይ አነሰ ሲባል ካልካታ መንገድ ላይ ሰው ይወድቅ ነበር። ቲያትሩ ስለ ለንደን ስለሆነ አይግባ አልልም፣ ግን ከገጸ ባህሪያቱ አንዱ ጋዜጣ ቢያነብ ይሄም በዛው ዓመት ነው።

መርፌና_ክር፦

@ጥያቄ_አለኝ ልክ ነህ፣ እኔም የምስማማበት ነው። ለንደን ላይ ራሽኑ የሰራው መርከቡ ስለደረሰና መንግስት ለዛ ህዝብ ስላሰበ ነው፣ ለሌላው እንደዛ አልታሰበም። ሁለቱን አብሮ ማየት ያስፈልጋል። ጃፓንም እኮ በ1940 “ቅንጦት ጠላት ነው” የሚል መፈክር መንገድ ላይ ሰቅለው ነበር፣ ሴቶቹ የገበሬ ሰፊ ሱሪ (ሞንፔ ይሉታል) እንዲለብሱ ተደረገ። ድል ባደረገውም በተሸነፈውም አገር ጨርቅ ወደ ጦር ሜዳ ነው የሄደው።

የአያቴ_ሳጥን፦

ከኛ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር ልጨምር ብዙ ሰው ስለማያውቀው። የዛ ዘመን ሴቶች ያደረጉት ከስር ድፍን የሆነ ከፍ ያለ ጫማ አለ አይደል፣ ተረከዙና ሶሉ አንድ የሆነው፣ እሱን በዘመኑ ያስፋፋው ፍሎረንስ የነበረው ሳልቫቶሬ ፌራጋሞ ነው። ጣልያን በ1935 ኢትዮጵያን ስትወር የመንግስታቱ ማህበር ማዕቀብ ጣለባት፣ ጫማ ውስጥ እግርን ደግፎ የሚይዘው ጥሩ ብረት ጠፋ፣ እሱ ደግሞ ብረቱን ትቶ ከተረከዝ እስከ እግር መሀል ያለውን ክፍተት በቡሽ ደፈነው። ማዕቀቡ እኛን አላዳነንም፣ ነዳጅ እንኳን አላካተተም ነበር፣ የጣልያንን ጫማ ግን ቀየረ። ይሄን ጫማ ባየሁ ቁጥር ማይጨው ነው ትዝ የሚለኝ። ደግሞ ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡት ግንቦት 5 ቀን 1941 ነው በፈረንጅ፣ እንግሊዝ ልብስ በኩፖን ያደረገችው ወር ሳይሞላ ነው። ለንደን ላይ ኩፖን የሚቆጥር ሰው የኛን ነጻ መውጣት በቅርቡ ጋዜጣ ላይ አንብቧል ማለት ነው።

መድረክ_ወዳድ፦

ኧረ ተባረኩ፣ ይሄን ሁሉ አልጠበኩም። የጋዜጣውን ሀሳብ አስገባዋለሁ፣ እግር የሚያሰምሩበትንም። አንድ የቀረኝ፣ ፋብሪካ የምትሰራዋ ልጅ ሁለተኛው ክፍል ላይ ታገባለች። ነጭ ቬሎ ላልብሳት? በፓራሹት ሐር ሰፉ ሲባል ሰምቻለሁ። ደግሞ ያ የ1948ቱ ሰፊ ቀሚስ ነገር አልተመለሰም።

መርፌና_ክር፦

ፓራሹቱን ተወው፣ ለተራ ሰው በሰፊው መገኘት የጀመረው ወደ ጦርነቱ ማብቂያና ከዛ በኋላ ነው። በ1943 ብዙዋ ሙሽራ ወይ የተዋሰችውን ትለብሳለች፣ ወይ የእናቷን ቬሎ ታስጠብበዋለች፣ ወይ ኋላ ስራ ላይ የምትለብሰውን ደህና ኮትና ጉርድ ገዝታ አበባ ትሰካበታለች። እኔ ብሆን የመጨረሻውን ነው የምመርጠው። ባርኔጣ ግን ኩፖን አይጠየቅበትም ነበር፣ ስለዚህ አምሮቷን ሁሉ ጭንቅላቷ ላይ አውጣው። ኬኩን ደግሞ እንዳትረሳው፣ ኬክ በስኳር መሸፈን ስለተከለከለ ከካርቶን የተሰራ ነጭ ባለ ፎቅ ኬክ ተከራይተው በትንሿ እውነተኛ ኬክ ላይ ይደፉበታል፣ ፎቶ ይነሳና ካርቶኑ ተነስቶ ትንሿ ትቆረሳለች።

ሰፊው ቀሚስ የክርስቲያን ዲዮር ነው፣ ፓሪስ የካቲት 12 ቀን 1947። ወገብ ጥብቅ፣ ጉርዱ ብዙ ሜትር ጨርቅ የሚበላ። ለንደን ላይ ያን ክረምት ከሰል ጠፍቶ መብራት እየተቋረጠ ነው፣ ልብስም ገና በኩፖን ነው፣ ስለዚህ እነ ስታፎርድ ክሪፕስ (የእንግሊዝ የንግድ ሚኒስትር የነበረው) ይሄ ብክነት ነው ብለው ተቃወሙ። ሴቶቹ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ተለክቶ የተሰጣቸውን ለብሰው ስለሰለቻቸው አሮጌ መጋረጃም ቀጥለው ቢሆን አስረዘሙት። እኔ በነሱ አልፈርድም። የልብስ ኩፖን በቃ የተባለው መጋቢት 1949 ነው።

ሞገድ_አድማጭ፦

ለጸሀፊው ሱሪ አንድ ነገር፣ ጫፉ ላይ ወደ ውጭ የሚታጠፈው ከ1942 እስከ 1944 ክልክል ነበር፣ ወንዶቹ በጣም ነው የተናደዱበት። ስለዚህ ሆን ብለው ረዘም ያለ ሱሪ እየገዙ ቤት ወስደው ራሳቸው ያጥፉት ነበር። ሱሪውን ስታሰፋ ጫፉ ላይ ትርፍ አስቀርለት፣ እናትየው የመጀመሪያው ክፍል ላይ ቁጭ ብላ ስታጥፍለት ትታይ።