ኮንቴይነር በር ላይ እንክርዳድ ምን ይሠራል?

ጠያቂ፦ ቡና የሚጫንበት ኮንቴይነር በር ላይ «ቴር (tare) 2,230 ኪ.ግ.» ይላል። መዝገበ ቃላቱ ይህን የእንግሊዝኛ ቃል «እንክርዳድ» ብሎ ነው የሚፈታው። ሰነዱን ስተረጉም ምን ልበል?

መላሽ 1፦ «የባዶ ዕቃ ክብደት» በሉት። ኮንቴይነሩ ምንም ሳይጫንበት የሚመዝነው ማለት ነው። ከጥቅል ክብደቱ ላይ ቴሩ ሲነሳ የተጣራው ይቀራል። ሰው የሚሳሳተው ጆንያው ላይ ነው፤ በሩ ላይ ያለው ቁጥር የኮንቴይነሩን ብቻ እንጂ የጆንያውን አይጨምርም። ለምሳሌ ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ ቡና የተጣራው 19,200 ኪሎ ነው። ባዶው ጆንያ 0.7 ኪሎ ቢመዝን 224 ኪሎ፣ ኮንቴይነሩ 2,230፣ በድምሩ 21,654። ከሰኔ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. ወዲህ የተረጋገጠ ጥቅል ክብደት ያልቀረበለት ኮንቴይነር መርከብ ላይ አይጫንም፤ ስለዚህ ጆንያውን አትርሱት። እርጥብ ጆንያ ደግሞ ከደረቁ ይከብዳል።

መላሽ 2፦ ፊደሉ አንድ ይሁን እንጂ ቃሉ ሌላ ነው። የሚዛኑ ከዐረብኛው «ጠረሐ» (ጣለ፣ ቀነሰ) ተነስቶ በአውሮፓ ነጋዴዎች በኩል እንግሊዝኛ ውስጥ የገባ ነው። የእህሉ ቴር ግን በመሠረቱ የጓያ ዘመድ የሆነ ሐረግ ስም ነው። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ማቴዎስ 13፥25 ላይ ለግሪኩ «ዚዛኒያ» ስለተጠቀሙበት እንክርዳድ ሆኖ ቀረ። በእኔ ግምት የአማርኛው ትርጉም ይበልጣል፤ ሐረግን ከስንዴ ጋር ማን ያምታታል? እንክርዳድ ግን እስኪያሸት ድረስ ቁርጥ ስንዴ ነው። ካሸተ በኋላ ዛላውን አስተውሉ፦ የስንዴው ፍሬ በሰፊ ጎኑ፣ የእንክርዳዱ በጠርዙ አገዳው ላይ ይቀመጣል።

ሦስተኛም አለ። በ1611 እ.ኤ.አ. በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ 2 ነገሥት 2፥24 ላይ ድቦቹ ልጆቹን «ቴር» አደረጓቸው ይላል። ያ «ቀደደ፣ ሰባበረ» የሚለው ግሥ የጥንት ኀላፊ ጊዜ ነው፤ ዛሬ ማንም አይለውም።

ጠያቂ፦ ዲጂታል ሚዛን ላይ ያለው «ቴር» የሚል ቁልፍስ?

መላሽ 3፦ ያው የመጀመሪያው ነው፣ እዚያ ግሥ ሆኖ። ባዶውን ሳህን አስቀምጠው ሲጫኑት ንባቡ ዜሮ ይሆናል፤ ከዚያ ዕቃውን ይጨምራሉ። ሳህኑን ቢያነሱት በመቀነስ ምልክት ክብደቱን ያሳያል፤ ሚዛኑ ተበላሽቶ አይደለም። የሚዛኑ አቅም ግን አብሮ አይጨምርም፦ 5 ኪሎ በሚችል ሚዛን ላይ የ1 ኪሎ ሳህን ካስቀመጡ የሚቀርዎት 4 ኪሎ ብቻ ነው። ለመኪና ከሆነ ባዶውንም ሙሉውንም በአንድ ዓይነት የነዳጅ መጠን ይመዝኑ፤ 300 ሊትር ናፍጣ ብቻውን 250 ኪሎ ገደማ ነው።