የመርሳት በሽታ ልየታ፦ የደሴና ኮምቦልቻ የጋራ ረቂቅ

ጸሐፊ (ደሴ)፦ እንደምን ዋላችሁ። የልየታ ዕቅዱ ረቂቅ አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው። አረጋውያኑን በየትኛው መጠይቅ እንጠይቅ? ለጊዜው ያስገባሁት ኤምኤምኤስኢ (MMSE) የሚባለውን የማስታወስና የማሰብ ችሎታ መጠይቅ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ከ30 የሚታረም፣ ብዙ ሐኪም የሚያውቀው። ሐሳብ ስጡበት።

ነርስ (ኮምቦልቻ)፦ ጋሼ፣ ይሄማ የትምህርት ቤት ፈተና ነው። ዓረፍተ ነገር ጻፉ ይላል፣ የተደራረቡ ባለአምስት ጎን ቅርጾች አስመስላችሁ ሣሉ ይላል። እስክሪብቶ ጨብጠው የማያውቁ እናት ምን ያድርጉ? ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ ውረዱ ሲባሉ የሚደናገሩት ሴትዮ እኮ ሰኞ ገበያ በርበሬ ሲሸጡ መልስ አይሳሳቱም! የተማረውም ነገር አለ። ጡረታ የወጣ መምህር ጥሩ ነጥብ አምጥቶ ይወጣል፣ ቤተሰቡ ግን ምድጃ ለኩሶ እንደሚረሳ ያውቃል። እኔን የሚያሰጋኝ እንዲያውም እሱ ነው፣ ማንም አይጠረጥረውማ።

ሐኪም (ደሴ)፦ ሲስተር እውነቷን ነው። ሩዳስ (RUDAS) የሚባለውን መጠይቅ እዩት፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ሲድኒ የተሠራ፣ ቋንቋውና ባህሉ ለተለያየ ሰው ተብሎ። የሚታወሱት ቃላት ሻይ፣ ዘይት፣ እንቁላልና ሳሙና ናቸው። የትራፊክ መብራት የሌለው፣ መኪና የሚበዛበት መንገድ እንዴት ይሻገራሉ ብሎም ይጠይቃል፣ ለደሴ ፒያሳ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ግን እሱም ኪዩብ ያስሥላል። ታንዛኒያ ውስጥ የተሞከረው አይዲያ (IDEA) የሚባለው መጠይቅ በሥዕል ፋንታ በክብሪት እንጨት ቅርጽ ያሠራል። ይህኛው ይሻለናል።

የዕድር ተወካይ፦ ቀን ስትጠይቁም አስተውሉ። «ዛሬ ጊዮርጊስ ነው» ያሉ እናት 23 ማለታቸው ነው። ሌላው አባት ደግሞ በእስልምናው ወር በሻዕባን ይቆጥራሉ። ሁለቱም ትክክል ተብሎ ይታረምላቸው። ልጆቹን ግን ለብቻ ጠይቁ፣ አባታቸው ፊት ማንም አፍ አውጥቶ «ረስቷል» አይልም።

ጸሐፊ፦ እሺ። ሩዳስን ብንጠቀም ኖሮ፣ 22 እና ከዚያ በታች ያመጣውን ሁሉ ሆስፒታል እንላክ?

ሐኪም፦ በፍጹም! ያ መቁረጫ ነጥብ ሲድኒ የወጣ ነው፣ የአይዲያም ቢሆን እኛ ጋ መፈተሽ አለበት። መጀመሪያ ያልተማሩም የተማሩም፣ ጤነኛም ሕመሙ የታወቀባቸውም አረጋውያን ላይ እንሞክረው። ደግሞ ጥያቄው ያልተሰማቸው ሰው የረሱ ይመስላሉ፤ ስለዚህ ከመጠየቃችን በፊት ጆሮና ዓይን ይታይ። ድብርት፣ የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ያስረሳሉ፣ እነሱ ደግሞ ይታከማሉ። ነጥብ ብቻ አይቶ «የመርሳት በሽታ አለብዎት» የሚል ጠያቂ ካለ እኔ በዚህ ሥራ የለሁበትም።

የዕድር ተወካይ፦ በገበያ ቀን ድንኳን ብንተክል ብዙ ሰው እናገኛለን።

ነርስ፦ በዚያ ጫጫታ? እንኳን አረጋዊ እኔም እወድቃለሁ። ጤና ጣቢያ ወይም ቤታቸው ይሁን።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ ኤምኤምኤስኢ ወጥቷል። አይዲያ ዋናው መጠይቅ ሆነ፣ የቤተሰብ ጥያቄና የጆሮ የዓይን ምርመራ ግዴታ ሆኑ። ኦሮምኛ የሚናገር ጠያቂ ግን የለንም። ኮምቦልቻዎች?

ነርስ፦ ሁለት ሰው አመጣለሁ። የትራንስፖርት ወጪያቸው በጀቱ ላይ የለም፣ አስገቡት።