ቀይ ሥሬ ውስጡ ጠቆረብኝ፤ የምታውቁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ ነኝ። ጓሮዬ ላይ ቀይ ሥር ዘርቻለሁ። ከአንዱ ፍሬ ሁለት ሦስት ቡቃያ ስለሚወጣ ትርፉን በጊዜ ነቃቅዬ አሳስቼዋለሁ። ውሃም ፀሐይም አልጎደለበትም። ቅጠሉን ከሩቅ ላየው ያስጎመጃል።

ችግሩ ከታች ነው። ነቅዬ ለሁለት ስቆርጠው ውስጡ እንደ ቡሽ የደረቀ ጥቁር ነጠብጣብ አለው። መሀሉ ላይ ያሉት ለጋ ቅጠሎችም ተጨማደው ጫፋቸው ጠቁሯል። ትል የለ፣ የሚሸት ነገር የለ። ለጾም ሰላጣ ብዬ ነበር እኮ!

ጎረቤቴ «የቦሮን እጥረት ነው» አለኝ፤ ቦሮን ተክል በጥቂቱ ከአፈር የሚፈልገው ንጥረ ነገር ነው። ምልክቱም ይመስላል። አፈሩ ዋልካ ነው፤ የምድጃ አመድ ሲደፋበት የኖረ ቦታ ነው። አመድ የአፈሩን አሲድነት ስለሚቀንስ ቦሮኑን ይዞበት ይሆን?

ኤንፒኤስ ቦሮን የሚባለው (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ሰልፈርና ቦሮን ያለበት) ማዳበሪያ ይበቃዋል? ቦሮኑ ከአንድ በመቶ በታች ነው። ቦራክስ (ቦሮን ያለበት ጨው) በውሃ በጥብጠህ እርጨው የሚሉኝም አሉ። ግን ቦሮን ትንሽ ከበዛ ተክሉን ይመርዛል፤ እጄ አልደፍር አለ። ለ10 ካሬ ሜትር መደብ ስንት ግራም ይበቃል? አሁን ያለውስ ይተርፋል ወይስ ነቅዬ ለከብት ልስጠው?