«ላይሶዞማል ዲስፋንክሽን» በአማርኛ ምን ይባል?

ቃል ፈላጊ፦ ሰላም ናችሁ፣ የልብ ጡንቻ ህዋስ እንዴት እንደሚጎዳ የሚያወራ ጽሁፍ እየተረጎምኩ እዚህ ቃል ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ላይሶዞም ህዋስ ውስጥ ያለ፣ ጥራጊ የሚያስወግድ ትንሽ ከረጢት ነው፣ ዲስፋንክሽን ደግሞ ስራውን በደንብ አለመስራቱ። «የላይሶዞም ብልሽት» ብዬ ነበር ግን ጋራዥ የገባሁ መሰለኝ ሃሃ

ጋሽ ፊደል፦ ከስሙ ጀምር ልጄ። ያወጣለት ቤልጂጋዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ ነው፣ በ1955 እ.ኤ.አ.፣ ከግሪክ፦ ሊሲስ ማሟሟት፣ ሶማ አካል። «አሟሚ አካል» በለው።

ቃል ፈላጊ፦ ጋሼ ይቅርታ ግን አሟሚ ሲሉኝ ስኳርና ሻይ ነው የሚታየኝ

የላብ ልጅ፦ እኔ መፍጨት ባይ ነኝ፣ የበላሁት አልፈጭ አለኝ እንል የለ እንዴ። ውስጡ አሲድ ነው፣ ከ50 በላይ ኢንዛይም አለው፣ ያረጀ ማይቶኮንድሪያ (የህዋሱ ኃይል ማመንጫ) ምናምን ይገባለትና ፈጭቶ ጥሬ እቃውን ይመልሳል። የልብ ጡንቻ ህዋስ ደሞ እንደ ቆዳ ቶሎ ቶሎ አይተካም፣ አዋቂ ላይ በዓመት 1% የሚሆነው ቢታደስ ነው፣ ስለዚህ ያልተፈጨው እዛው ይከመራል፤ ፖምፔና ፋብሪ በሚባሉ በዘር የሚወረሱ በሽታዎች ለምሳሌ፣ በፖምፔ ግላይኮጅን (ህዋስ የሚያከማቸው ስኳር) በፋብሪ ስብ ነገር ይጠራቀምና የልቡ ግድግዳ ይወፍራል። ግን ተጠንቀቅ ወንድሜ፣ ሁሌ አለመፍጨት አይደለም! የተዘጋ የልብ ደም ስር ተከፍቶ ደም ሲመለስ የላይሶዞሙ ሽፋን ሊቀደድ ይችላል፣ ያኔ ካቴፕሲን የሚባሉት ኢንዛይሞች ወጥተው ህዋሱን ራሱን ወደ ሞት ይገፉታል። ይሄ ማፍሰስ ነው። ሁለቱንም «ብልሽት» ካልከው አንባቢህ ወፍጮው ቆሞ ይሁን ጋኑ ተሰንጥቆ አያውቅም።

ጋሽ ፊደል፦ ጥሩ ብለሃል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን «አልፈጭ አለ» ነው፣ ፈ ላልቶ ሲነበብ ላይሶዞሙ ነው እምቢ ያለው፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ የገባበት ጥራጊ። ፊደላችን መጥበቅ አያሳይም።

የላብ ልጅ፦ ጋሼ የሚገርመው ሁለቱም በእውን አለ! ክሎሮኪን የሚባለው የወባ መድኃኒት ለዓመታት ሲወሰድ የላይሶዞሙን አሲድ ያለዝበዋል፣ አልፎ አልፎ የልብ ጡንቻ የሚጎዳውም በዚህ ነው (የወባው የ3 ቀን ኪኒን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እንዳትደነግጡ) ይሄ የላላው ነው። የጠበቀው ደሞ ሊፖፈስሲን፣ ያረጀ ልብ ውስጥ የሚገኝ ቡናማ ዝቃጭ፣ ኢንዛይሙ ቢኖርም እሱ አይፈጭም።

ቃል ፈላጊ፦ ኧረ ጉድ! ጽሁፉ ላይ ቃሉ ሶስቴ ነው ያለው፣ ሁለቱ የላላው ፈ አንዱ ማፍሰስ ነው። ርዕሱ ላይ «የላይሶዞም መታወክ» ብዬ ውስጡን ለየብቻ ልጻፈው?

ጋሽ ፊደል፦ ጻፈው። ላልቶ እንዲነበብም በቅንፍ ንገራቸው።