ያበላሸነው የድምፅ መስጫ ወረቀት ምን አተረፈ?

ከብሪስቶል (መነሻ)፦
እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 2012 ሐሙስ ማታ ከሥራ ወጥቼ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄድኩ። ሁለት ወረቀት ሰጡኝ። አንዱ ለከተማችን ከንቲባ፣ ሌላው ለፖሊስና የወንጀል ጉዳዮች ኮሚሽነር ነበር። የከንቲባውን በሥርዓቱ ሞላሁት። በሁለተኛው ላይ ግን ለማንም ምልክት ሳላደርግ፣ ከዳር እስከ ዳር «ፖሊስን ለፓርቲ አትስጡ» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፤ ከሥሩም በአማርኛ ደገምኩት። አጥፌ ኮሮጆው ውስጥ ከተትኩት።

ለአዲስ መጪዎች ነገሩን ላስረዳ። በአገራችን ኮሚሽነር ሲባል ማዕረግ የለበሰው የፖሊስ አለቃ ነው። እዚህ እንግሊዝና ዌልስ ግን ኮሚሽነሩ ዩኒፎርም የሌለው ተመራጭ ነው። የፖሊስ አዛዡን ይሾማል፣ ያሰናብታል፣ በጀት ይወስናል፣ ከምንከፍለው የምክር ቤት ግብር ውስጥ የፖሊሱን ድርሻ ይተምናል። ሹመቱ በ2011 በወጣ ሕግ ተፈጠረ፤ በዚያ ኅዳር ለመጀመሪያ ጊዜ ከለንደን ውጭ በ41 አካባቢዎች ምርጫ ተደረገ። ድምፅ ለመስጠት የወጣው ከመራጩ 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር።

አሁን መንግሥት ሹመቱን እንደሚያስቀረው በኖቬምበር 2025 አስታውቋል። የአሁኖቹ ተመራጮች የሥራ ዘመን በሜይ 2028 ሲያበቃ ሥልጣኑ ከንቲባ ባለበት ለከንቲባ፣ በሌለበት ለቦርድ ይተላለፋል። ዜናው የተሰማ ዕለት ባለቤቴ «ይኸው አሸነፍክ» አለችኝ። እኔ ግን ደስታው አልመጣልኝም። ወረቀቱን ያበላሸነው ሰዎች ለዚህ ውጤት ያዋጣነው ነገር አለ? ወይስ የጻፍነው እዚያው ኮሮጆ ውስጥ ቀረ? ሐሳባችሁን በቅንነት ንገሩኝ።

ከሊድስ፣ ጡረተኛ፦
ወንድሜ፣ በቅንነት ካልክ በቅንነት እነግርሃለሁ። አጥፍተሃል።

እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት በደርግ ዘመን ነው። ምርጫ የምናውቀው ቀበሌ ጠርቶ ሲያሰልፈን ነበር። ከዚያ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያለችው እኅቴ ገና ጎሕ ሳይቀድ ወጥታ፣ ፀሐይ መትቷት፣ እግሯ አብጦ፣ ማታ ደውላ «መረጥኩ!» ስትለኝ በስልኩ ውስጥ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ድምፅ የሰማ ሰው የምርጫ ወረቀት ላይ መልእክት ጽፎ አይሄድም። ካልወደድካቸው ከሁሉ የሚሻለውን ምረጥ። የሚሻል ከሌለ ቤትህ ተቀመጥ። ቢሮ ድረስ ሄዶ ማመልከቻ ቀዶ መመለስ ግን ምን የሚሉት ነው?

ከሼፊልድ፣ ነርስ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ እኔም ያበላሸሁ ነኝ፤ አልጸጸትም።

እኔ ያለሁበት ደቡብ ዮርክሻየር በ2012 የመረጠው ኮሚሽነር ሾን ራይት ነበር። በኦገስት 2014 የፕሮፌሰር አሌክሲስ ጄይ ሪፖርት ወጣ። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2013 ባሉት ዓመታት በሮዘርሃም ከተማ ቢያንስ 1,400 ያህል ሕፃናት በወሲባዊ ጥቃት ሲሰቃዩ ፖሊስም ምክር ቤቱም እንዳልደረሱላቸው ገለጸ። ሰውዬው ደግሞ ኮሚሽነር ከመሆኑ በፊት ከ2005 እስከ 2010 በከተማው ምክር ቤት የሕፃናት አገልግሎት ኃላፊ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ልቀቅ አሉት፤ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ልቀቅ አሉት፤ የገዛ ፓርቲው ልቀቅ አለው። እርሱ ፓርቲውን ለቆ ወንበሩን ያዘ። ይህ ሁሉ ሲሆን እርሱን ማውረድ የሚችል አንድም አካል በሕጉ ውስጥ አልነበረም! የኮሚሽነሩን ሥራ የሚከታተለው ጉባኤ እርሱን ማገድ የሚችለው ከሁለት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ሲከሰስ ብቻ ነው። በሴፕቴምበር በራሱ ጊዜ እስኪለቅ ድረስ ጠበቅን።

እኔ ያኔ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። አብረውኝ የሚሠሩት የዚያው አካባቢ ልጆች፣ እናቶች ናቸው። በዚያ ሳምንት በእረፍት ክፍላችን ውስጥ የነበረውን ዝምታ አልረሳውም። ከዚያ በኦክቶበር ማሟያ ምርጫ ተጠራ። ያው ሹመት፣ ያው ሕግ፣ ያው መውጫ በር የሌለው ቤት። ማንን ልምረጥ? ችግሩ ሰው ሳይሆን ወንበሩ ነበር። «ይህን ወንበር አልፈልግም» የሚል ሳጥን በወረቀቱ ላይ ስለሌለ ራሴ ሳልኩት። ቤት መቀመጥማ ግድ የለሽ ያሰኛል፤ እኔ ግድ የለሽ አልነበርኩም።

ከማንችስተር፣ የቆጠራ ሠራተኛ የነበረ፦
በ2012 ቆጠራ ላይ ጠረጴዛ ይዘው ከተቀመጡት አንዱ ነበርኩ። ያየሁትን ጽሑፍ መናገር አይፈቀድልኝም፣ አልናገርምም። አሠራሩን ግን ማንም ማወቅ ይችላል፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ላስረዳ።

አጠራጣሪ ወረቀት ሲገኝ ቆጣሪው ለብቻው ያስቀምጠዋል። ከዚያ የምርጫው ኃላፊ በእጩዎቹና በወኪሎቻቸው ፊት አንድ በአንድ ያየዋል። ስለዚህ ወንድማችን ከብሪስቶል፣ የጻፍከውን ቢያንስ ጥቂት ሰዎች ሳያነቡት አልቀሩም። ጽሑፉ ከዚያ ጠረጴዛ በኋላ ግን የትም አይደርስም። ወረቀት ውድቅ የሚሆንባቸው ምክንያቶች አራት ናቸው፦ ይፋዊ ምልክት የሌለው፤ ከተፈቀደው በላይ የተመረጠበት፤ መራጩን ለይቶ የሚያሳውቅ ጽሑፍ ያለበት፤ ባዶ የሆነ ወይም የመራጩ ፍላጎት ያልታወቀበት። ለሕዝብ የሚነገረው የእያንዳንዱ ቁጥር ብቻ ነው። አንተ በልብህ ያለውን ሁሉ ብትጽፍም፣ ምንም ሳይጽፍ አጥፎ ከጣለው ሰው ጋር አራተኛው ተራ ላይ ትደመራለህ። «ፍላጎቱ ያልታወቀ» ተብለህ ማለት ነው። ፍላጎቱን በሁለት ቋንቋ የጻፈ ሰው!

ሌላም አለ። በ2012 ወረቀቱ ሁለት ዓምድ ነበረው፤ የመጀመሪያ ምርጫ እና ሁለተኛ ምርጫ። ሁለቱንም ምልክት በአንዱ ዓምድ ያደረገ፣ ሁለተኛውን ብቻ የሞላ፣ ግራ የተጋባ ሰው ብዙ ነው። በመላው አገር ውድቅ የሆነው 3 በመቶ ገደማ ነበር። ከዚህ ውስጥ ተቃዋሚው ስንት፣ የተሳሳተው ስንት እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ ለይቶ አይነግረንም። እኅቴ ነርሷ፣ ቁጣሽ እውነተኛ ነው። ነገር ግን መነጽሩን ረስቶ ከመጣ ሽማግሌ ጋር አንድ ላይ ተቆጥሯል።

አንድ ጊዜማ ከዚህም ብሷል። በ2015 የፓርላማ ምርጫ በዌልስ ሞንትጎመሪሻየር አንድ መራጭ በተቃውሞ በአንዱ እጩ ሳጥን ውስጥ ጸያፍ ሥዕል ሣለ። ሥዕሉ ከሳጥኑ ስላልወጣ ድምፁ ለዚያው ለተሰደበው እጩ ተቆጠረ። ይህን የተናገረው ተጠቃሚው እጩ ግሊን ዴቪስ ራሱ ነው።

ከለንደን፦
የማንችስተሩ ወንድማችን ያለው ልክ ነው። እኛ ጋ ኮሚሽነር የለም፤ ፖሊሱን የሚቆጣጠረው ከንቲባው ነው። በ2021 የከንቲባ ምርጫ ከ114 ሺህ በላይ ወረቀት ውድቅ ሆነ። ያ ሁሉ ሰው ተቃወመ ያለ አልነበረም፤ የተወቀሰው የወረቀቱ አሠራር ነው።

ከካርዲፍ፣ የሕግ ተማሪ፦
የቴክኒኩ ክርክር ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ወደ ወንድማችን ጽሑፍ ልመለስ። «ፖሊስን ለፓርቲ አትስጡ» ነበር ያሉት። በዚያ ቀን በእርስዎ አካባቢ በኤቮንና ሶመርሴት ያሸነፈችው ማን ነበረች? ሱ ማውንትስቲቨንስ። የግል ተወዳዳሪ ነበረች፤ ፓርቲ የላትም። የሚፈልጉት ሰው ስም እዚያው ወረቀት ላይ ታትሞ ነበር፤ እርስዎ በላዩ ላይ ጻፉበት።

በአገር ደረጃ ያለውም ታሪክ ይኸው ነው። በ2012 ከ41ዱ አሸናፊዎች 12ቱ የግል ተወዳዳሪዎች ነበሩ። በ2016 ሦስት ቀሩ። በ2021 አንድም አልነበረም። የግል ተወዳዳሪ ድርጅት የለውም፤ 5,000 ፓውንድ ማስያዣ ያስይዛል፤ መንግሥት በራሪ ወረቀቱን በነፃ ለመላክ ፈቃደኛ አልነበረም። የነበረው ተስፋ ፓርቲ የሰለቸው መራጭ ነው። ያ መራጭ ደግሞ ግማሹ ቤቱ ቀረ፣ ግማሹ ወረቀቱን አበላሸ። ፓርቲዎቹ ወንበሩን የወሰዱት እኛ ባዶ ስላደረግነው ነው።

ለጋሼም አንድ ነገር ልበል። ቤትህ ተቀመጥ ማለትም መፍትሔ አይደለም። እዚህ እኛ አጠገብ፣ ኒውፖርት ቤትውስ ውስጥ በ2012 አንድ ምርጫ ጣቢያ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ አንድም ሰው ሳይገባበት ተዘጋ። በዚያው ግዌንት አካባቢ የተመረጠው ኮሚሽነር ኢያን ጆንስተን በ2013 የፖሊስ አዛዧን ካርሜል ኔፒየርን ጡረታ ውጪ፣ አለዚያ አስወግድሻለሁ አላቸው፤ ወጡም። ትክክል ነበር አልነበረም አልከራከርም። ከመራጩ የወጣው ጥቂት ነው፤ ሥልጣኑ ግን ሙሉውን ነበር።

ከሼፊልድ፣ ነርስ፦
ልጄ፣ የግል ተወዳዳሪዎቹን ነገር ተቀብያለሁ፤ አላሰብኩበትም ነበር። ግን እኔ ፓርቲ አይደለም የተቃወምኩት፣ አልወርድም የሚል ሹም ነው። ፓርቲ የሌለው ሰው ቢመረጥም ያው ሕግ ይጠብቀዋል።

ከካርዲፍ፣ የሕግ ተማሪ፦
እውነት ነው፣ በዚህ አልሞግትዎትም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከ2012 በፊት ፖሊስን የሚቆጣጠረው አብዛኛውን ጊዜ 17 አባላት ያሉት ጉባኤ ነበር፤ ዘጠኙ የምክር ቤት አባላት፣ ስምንቱ ከውጭ የተሾሙ። የአንዱን እንኳ ስም የሚያውቅ ሰው አግኝተው ያውቃሉ? ሾን ራይት ልቀቅ የተባለው ስሙና ፊቱ ስለታወቀ ነው። አሁን በቦርድ ሲተካ ወደ እነዚያ 17 ስም አልባዎች እንዳንመለስ እፈራለሁ።

ከሊድስ፣ ጡረተኛ፦
እኔም ልታረም። ቤትህ ተቀመጥ ያልኩት በቁጣ ነው፤ ተሳስቻለሁ። እኅቴን ጠቅሼ ያንን ማለት አልነበረብኝም። ነርሷንም ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የሮዘርሃሙን ነገር እያወቅሁ ማመልከቻ ከመቅደድ ጋር ማነጻጸር አልነበረብኝም።

ከብሪስቶል፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የካርዲፏ ልጅ ያለችው አመመኝ፣ ምክንያቱም ልክ ነው። የሴትዮዋን ስም ያን ዕለት አይቼዋለሁ። ማን እንደሆነች ስለማላውቅ አለፍኩት፤ ቤቴ የደረሰ ምንም ወረቀት አልነበረም፤ እኔም ለማወቅ አልሞከርኩም። በማግሥቱ ማሸነፏን ስሰማ ተቃውሞዬ ማንን እንደነካ ራሴን አልጠየቅሁም። ያን ጊዜ የተሰማኝ ንጹሕ የመሆን ስሜት ነበር፤ አሁን ሳስበው ያ ስሜት ለማንም አልጠቀመም።

ግን አንድ ነገር ልመልስ፣ ይህ እስካሁን የምቆምበት ነው። በዚያው ቀን ለከንቲባ ድምፅ ሰጥቻለሁ ብያለሁ። ከአሥር ዓመት በኋላ በሜይ 2022 ከተማችን ከንቲባ ይቀጥል ወይስ ይቅር ተብላ በሕዝበ ውሳኔ ተጠየቀች። 59 በመቶ ያህሉ ይቅር አለ፤ ቀረ። ማንም ወረቀት ማበላሸት አላስፈለገውም፤ ጥያቄው በግልጽ ታትሞ ነበርና። ኮሚሽነር ይኑር ወይ ተብሎ ግን እኛ አንድ ቀን አልተጠየቅንም፤ ሲመሠረትም አልተጠየቅንም፣ ሲፈርስም አልተጠየቅንም። ሚኒስትሮች አመጡት፣ ሚኒስትሮች ወሰዱት። ስለዚህ ባለቤቴን «አላሸነፍኩም» ብያታለሁ። ነርሷ ሳጥኑን ራሷ የሣለችውም ስለዚህ ይመስለኛል።

ከማንችስተር፣ የቆጠራ ሠራተኛ የነበረ፦
እንግዲያው አሁን ጠይቅ። የኮሚሽነሩን ሥራ የሚከታተለው ጉባኤ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው። በብዙ አካባቢ ነዋሪ አስቀድሞ በጽሑፍ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል፤ ጥያቄውና መልሱም በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ከሚቀር ጽሑፍ ይሻላል። በጀትና ግብር የሚታየው በዚህ አገር ክረምት፣ በጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ገደማ በሚደረገው ስብሰባ ስለሆነ ጊዜው እንዳያልፍህ።

ከብሪስቶል፦
ጀምሬዋለሁ። ረቂቁ ይህ ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ ከመመለሴ በፊት አስተካክሉልኝ። «ከሜይ 2028 በኋላ የፖሊስ አዛዡን የሚሾመውና የሚያሰናብተው ማን ነው? ስሙን ነዋሪው በምን ያውቃል? ያ ሰው ልቀቅ ሲባል አልለቅም ቢል የሚያወርደው አካል የትኛው ነው?»

ከሼፊልድ፣ ነርስ፦
ሦስተኛውን መጀመሪያ አድርገው። የሕጉን ቁጥር ከካርዲፏ ልጅ ተቀበል፤ እኔም ያንኑ ጥያቄ ለዚህኛው ጉባኤ እልካለሁ።