የመታጠቢያ ቧንቧ ዳዶ አልፈታ አለኝ፤ የትኛውን መፍቻ ልግዛ?

ሰላም ወገኖች። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። የሚያንጠባጥበውን የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ልቀይር ስል ከሥር የያዘው ዳዶ አልፈታ አለ። ከኋላ ስለተወሸቀ አፉ የሚሰፋና የሚጠበው ባለ 10 ኢንች መፍቻዬ መዞሪያ ቦታ የለውም። ቢይዝም እየተንሸራተተ የዳዶውን ጠርዝ እየበላው ነው።

ባለሱቁ "ጥርስ ያለውን የቱቦ መፍቻ ውሰድ፣ ለሁሉም ይሆናል" ይለኛል (እሱማ መሸጡን ነው የሚፈልገው)። ለግማሽ ኢንች የብረት ቱቦ እሺ። ግን ጥርሱ የሚያብለጨልጨውን ቧንቧ አይቧጭረውም? ደግሞስ እዚያ ጠባብ ቦታ በምን ይገባል?

እጀታው ረጅም ሆኖ ጫፉ ወደ ጎን የሚታጠፍ፣ ለመታጠቢያ ሥር ተብሎ የተሠራ መፍቻ አለ። ምናለሽ ተራ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ወይስ ባለ 6 ኢንቿ ትንሿ ትበቃኛለች? እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሳይመጣ ልጨርሰው ብዬ ነው።